ተማሪዎቹን ወደ ሰፈር የሚያወጣ ገንዘብ

የበጀት ወቅት ነው። ግንቦት ሲገባ በየመሥሪያ ቤቱ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይከለሳል፤ የፌዴራሉ ረቂቅ በጀት ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይመራል፤ ሐምሌ 1 ቀን አዲሱ የበጀት ዓመት ይጀምራል። ጋዜጦች ለመንገድ፣ ለትምህርት፣ ለጤና ስንት ቢሊዮን ብር እንደተያዘ ይዘግባሉ። እኔም አነባለሁ። የማነበው ግን አንድ ነገር እየፈለግኩ ነው፦ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና የሚማር ተማሪ ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ሰው ወደሚኖርበት ሰፈር የሚሄድበትን ገንዘብ። ደመወዝ አለ፣ ግንባታ አለ፣ ምግብና መኝታ አለ። ይህኛው ግን በነዳጅና በውሎ አበል ውስጥ ተሸሽጎ ይቀመጣል፤ ነዳጅና ውሎ አበል ሲቀነስ ደግሞ አብሮ ይቀነሳል። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ማን እንደሚናገር ይታወቅ። ጤና መኮንን ነኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬንም በኅብረተሰብ ጤና ሠርቻለሁ፤ ሁለቱንም ያስተማረኝ መንግሥት ነው። የመጀመሪያውን በወጪ መጋራት ውል ተምሬ፣ ከደመወዜ በየወሩ እየተቆረጠ ከፍዬ ጨርሻለሁ። አሁን የምሠራው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ብዙም በማይርቅ ጤና ጣቢያ ነው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን አስተባብራለሁ፤ የበሽታ ቅኝት ሪፖርት በየሳምንቱ እልካለሁ፤ ከተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ለመስክ ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችንም እቀበላለሁ። ይህ የመጨረሻው በሥራ መዘርዝሬ ላይ አልተጻፈም። ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ግን እሱን ነው።

አካባቢያችንን ለማያውቅ ሰው ልንገር። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሳው ከዚህ ነው። ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ የኮንዶሚኒየም ብሎኮች ተደርድረዋል፤ ትናንት ጤፍና ስንዴ ይዘራበት የነበረው መሬት በየዓመቱ እየጠበበ ሄዷል። ወደ ምዕራብ የአቃቂ ወንዝ አለ። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከተማዋን አቋርጠው፣ የፋብሪካውንም የመኖሪያ ቤቱንም ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ። በመንገዳቸው ላይ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ቆስጣና ቀይ ሥር ያጠጣሉ፤ ያው አትክልት ታጥቦና ታስሮ ወደ ከተማዋ ገበያ ይመለሳል። አዲስ አበባ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ደግሞ ትልቁ ክፍል ከዚሁ ከአቃቂ ጉድጓዶች ይቀዳል። እዚህ የምንኖረው ግን ውኃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። አዲስ ሠፈር ስለሆነ ጎረቤት ከጎረቤት ገና አልተላመደም፤ አንዱ ከፒያሳ ተነሥቶ የመጣ ነው፣ ሌላው ዕጣ የወጣለት፣ ሌላው ተከራይ። የክትባት ካርዱን የት እንደጣለው የማያስታውስ ብዙ ነው።

ለኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ ከየት ይመጣል?

ዓምና በክረምቱ ማብቂያ ላይ የመጣውን ቡድን ልጥቀስ። የጤና መኮንን፣ የአካባቢ ጤና፣ የነርስና የአዋላጅ ተማሪዎች አብረው የሚወጡበት፣ እነርሱ ቲቲፒ የሚሉት የቡድን ሥልጠና ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የሚታከሙበትን ክፍል መዝገብ አገላብጠው ተቅማጥ መብዛቱን አዩ። ይህን እኔም አውቅ ነበር፤ ክረምት ነው፣ ይበዛል። እነርሱ ግን አድራሻውን ማየት ጀመሩ። በመዝገቡ ላይ የአድራሻው ቦታ «ኮንዶሚኒየም» ብቻ ይላል። የትኛው ብሎክ? የትኛው ፎቅ? የሚመልስ የለም። ስለዚህ ቤት ለቤት መሄድ ነበረባቸው።

አንዲት የአካባቢ ጤና ተማሪ በካርቶን ጀርባ ላይ የብሎኮቹን ካርታ በእጇ ሥላ፣ የታመመ ሕፃን በተገኘ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ታደርግ ነበር። ነጥቦቹ ተበታትነው አልቀሩም። በአንድ ጥግ ባሉ ብሎኮች ላይ ተከማቹ፤ በቅርብ ርቀት ያሉት ሌሎች ብሎኮች ግን ንጹሕ ነበሩ ማለት ይቻላል። እነዚያ ብሎኮች አንድ የመሬት ውስጥ የውኃ ማጠራቀሚያ ይጋራሉ። ከማጠራቀሚያው አጠገብ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ተደፍኖ፣ ክዳኑን ገፍቶ ይፈስሳል። ውኃ በፈረቃ ሲሆን ቧንቧው ባዶ የሚሆንበት ሰዓት አለ፤ በዚያ ሰዓት ግፊቱ ይወርድና ቧንቧው በተሰነጠቀበት በኩል በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። ይህን ሁላቸውም በክፍል ተምረውታል። ጉድጓዱ ዳር ቆመው፣ አፍንጫቸውን ይዘው ሲያዩት ግን ፊታቸው ላይ የሆነውን ነገር የትኛውም መምህር በሰሌዳ ላይ ሊያመጣው አይችልም።

በአንደኛው ቤት፣ ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ልጄ፣ ልታክሙን ነው ወይስ ልትጽፉን?» ብለው ጠየቁ። ቅጹን የያዘው ልጅ ትንሽ ግራ ተጋባ፤ ከዚያ «እማማ፣ መጀመሪያ ካልጻፍን የምናክመውን አናውቅም» አላቸው። አስገቡት። ቡና ፈልቶ ስለነበር ሁሉም ገቡ። የልጅ ልጃቸው ሦስት ጊዜ ታምሞ አንዴ ብቻ ጤና ጣቢያ መምጣቱን፣ ሁለቱን ጊዜ ከሰፈር መድኃኒት ቤት ሽሮፕ ገዝተው እንዳለፉት የነገሩን በዚያ ቡና ላይ ነው። መዝገባችን ከእውነቱ ምን ያህል እንደሚያንስ ተማሪዎቹ ያወቁት ያኔ ነው።

ቀጥሎ ውኃውን መለካት መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ሰው በሚቀዳው ውኃ ውስጥ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም ነጻ ክሎሪን እንዲቀር ይመክራል። መለኪያው መሣሪያ ጤና ጣቢያችን አለ፤ ከዓመታት በፊት ከአንድ ፕሮጀክት የተገኘ ነው። ውኃው ውስጥ የሚጨመረው ክኒን ግን አልቋል። ክኒን የሌለው መለኪያ ፕላስቲክ ነው። ተማሪዎቹ ከኪሳቸው አዋጥተው ገዙ። ከዋናው መስመር በሚመጣው ውኃ ክሎሪን ተገኘ፤ ከማጠራቀሚያው በተቀዳው አልተገኘም። ውጤቱን ለብሎኩ ኮሚቴ አቀረቡ፤ ኮሚቴው ገንዘብ ሰብስቦ ማጠራቀሚያውን አስጠረገ፣ በክሎሪን አሳጠበ፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤትም የፍሳሽ መኪና እንዲመጣ አደረገ። ከዚያ በኋላ ከእነዚያ ብሎኮች የሚመጡ ሕፃናት ቀነሱ። ክረምቱም እያለፈ ስለነበር ሁሉንም ለማጠራቀሚያው መታጠብ አልሰጥም፤ ተማሪዎቹም በሪፖርታቸው ላይ ይህንኑ ጽፈዋል፤ በዚህ እኮራባቸዋለሁ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ከፈለ? ከአደባባዩ እስከ ብሎኮቹ የባጃጁን የከፈሉት ተማሪዎቹ ናቸው። መጠይቁን ያባዙት በራሳቸው ገንዘብ ነው። ክኒኑን ገዝተዋል። ተቆጣጣሪ መምህራቸው በየሳምንቱ መምጣት ነበረበት፤ ዩኒቨርሲቲው ለመኪናው ነዳጅ አላገኘለትም፣ መጀመሪያ ሊያስረክበንና መጨረሻ ላይ ሪፖርት ሊሰማ መጣ። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ስልክ እየደወለ ተከታተለ። መምህሩን አልወቅሰውም፤ ስልኩንም በራሱ ካርድ ነው የሚደውለው። በእኛ በኩል ደግሞ እኔና ሁለት የኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከመደበኛ ሥራችን ጎን ለጎን ይዘናቸው ዞርን። ማንም ለዚህ የከፈለን የለም፤ በሥራ አፈጻጸም ምዘናችን ላይም አይቆጠርም። አንዳንድ ጤና ጣቢያ ተማሪ ሲላክበት ለምን ፊቱን እንደሚያጠቁር ይገባኛል።

አሁን ወደ መንግሥት ገንዘብ ልመለስ። የአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በጀታቸውን የሚያገኙት ከፌዴራል መንግሥት ነው። ተማሪው በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ወደፊት ከገቢው ሊከፍል ይፈርማል፤ ቀሪውን ሕዝቡ ይሸፍናል። ማለትም እያንዳንዱ ጤና መኮንን እዚህ አገር ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትቸረችረው እናት ሳትቀር በምትከፍለው ግብር የተማረ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚመሩት ግን በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ነው፤ ተማሪው የሚለማመድበት ጤና ጣቢያ ደግሞ የከተማው ጤና ቢሮ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለእኔ ጤና ጣቢያ ገንዘብ የሚያስተላልፍበት ቀላል መንገድ የለውም፤ ጤና ቢሮውም የሌላ መሥሪያ ቤት ተማሪ ለማስተማር በጀት አይዝም። በመካከላቸው የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል። አንብቤዋለሁ። ስለ ትብብር በደንብ ይናገራል፤ ብር የሚል ቃል ግን የለበትም።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም፤ ይህን ወጣት ባልደረቦቼ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ጎንደር ላይ የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የተከፈተው በ1947 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ገድሎ ነበር፤ አገሪቱ የነበሯት ሐኪሞች ደግሞ በጣት የሚቆጠሩና ከተማ ውስጥ የተሰበሰቡ ነበሩ። መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ጋር ሆኖ ያቋቋመው ትምህርት ቤት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሦስት ዓይነት ባለሙያ በአንድነት እንዲያወጣ ተደርጎ የታሰበ ነው፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ። እነዚህ ሦስቱ በትምህርት ላይ እያሉ አብረው ወደ ጤና ማዕከል ይወርዱ፣ አብረው ይኖሩ፣ አብረው መንደር ይዞሩ ነበር። ዛሬ ተማሪዎቻችን ቲቲፒ የሚሉት ነገር ሥሩ እዚያ ነው። ጊዜው የሚጠይቀው ሥራም ከባድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በአገሪቱ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ተገምቷል።

ትምህርቱን ያሰቡት ሰዎች የመስክ ልምምድን ጊዜ ሲተርፍ የሚጨመር ነገር አላደረጉትም። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርትን መለያው አድርጎ ተነሣ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1984 በኅብረተሰብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ማስተማር ጀምሮ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በቡታጅራ ቤት ለቤት ልደትና ሞት የሚመዘገብበትን የምርምር ጣቢያ አቋቋመ፤ ስንት ተማሪ እዚያ መረጃ መሰብሰብ ተምሯል! ነገር ግን የቡታጅራን ሥራ የስዊድን ገንዘብ ደግፎታል፤ የጎንደሩም አጀማመር እንዳየነው የውጭ እጅ ነበረበት። መስኩ ገና ከጥንቱ የእንግዳ ገንዘብ ለምዷል።

እዚህ ላይ ልቤ የሚቆጣበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2010 የካርተር ማዕከል ከመንግሥት ጋር ሆኖ የኅብረተሰብ ጤና ሥልጠና ኢኒሼቲቭ የሚባለውን አካሄደ። መምህራንን አሠለጠነ፣ ለአገራችን በሽታዎች በአገራችን መምህራን የተጻፉ ሞጁሎችን አሳተመ፣ ለተግባር ልምምድ የሚሆን ቁሳቁስ ሰጠ። እኔ ራሴ ከእነዚያ ሞጁሎች አጥንቻለሁ። ጊዜው ሲያልቅ ሥራው ለመንግሥት ተላለፈ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ማለትም በሽታ ከየት ተነሥቶ እንዴት እንደሚዛመት ቦታው ላይ ሆኖ የማጥናት ሥልጠና ተጀመረ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የጤናው ዘርፍ መሥሪያ ቤቶችና የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ተባብረው። በዚህ ዓይነቱ ሥልጠና ከጊዜው ሦስት አራተኛው ያህል የሚያልፈው መስክ ላይ ነው፤ ወረርሽኝ በተነሣበት ቦታ እየተገኙ። ከዚያ የወጡ ባልደረቦቼን ሥራ አይቻለሁ፤ ስለ ኮሌራ ሲያወሩ ወንዙን ያውቁታል፣ ጉድጓዱን ያውቁታል፣ ሠርገኛው የበላበትን ድንኳን ሳይቀር ጠይቀው ያውቁታል። ማሠልጠን እንዲህ ነው ስል፣ የሚሰጠኝ መልስ ሁሌም አንድ ነው፦ «እሱ እኮ ፕሮጀክት አለው»።

ፕሮጀክት ደግሞ ምን እንደሚሆን በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር አየን። አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ባቆመች ሰሞን፣ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው በኤችአይቪና በሌሎች ሥራዎች ላይ የነበሩ 5,000 የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር አሳወቀ። ከእኛው ግቢም የሄዱ አሉ፤ መረጃ ያደራጁልን የነበሩ፣ የጠፉ ታካሚዎችን ስልክ እየደወሉ የሚፈልጉ። በማግስቱ ወንበራቸው ባዶ ነበር። ስለ አሜሪካ ውሳኔ የሚጻፈውን ሌሎች ጽፈውታል። የእኔ ጥያቄ ወደ ራሳችን ቤት ነው፤ የማንም አገር ምርጫ የማይነካው፣ በራሳችን ግብር የሚሸፈን የሥልጠና ገንዘብ ስንት አለን? ደመወዝና ሕንጻ እንዳለን አውቃለሁ። ሥልጠናው ሥልጠና የሚሆንበትን ክፍል ግን ለሌላ ሰው ትተነዋል።

ቁጥሩ አድጓል። በደርግ መጨረሻ በዛሬዋ ኢትዮጵያ ውስጥ አዲስ አበባና አለማያ ብቻ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል። በደርግ ዘመን የተቋረጠው የጤና መኮንን ሥልጠና በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ 5,000 ጤና መኮንኖችን በፍጥነት ለማሠልጠን ታቅዶ ሆስፒታሎች ጭምር ማስተማሪያ ሆኑ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሴቶችን አሠልጥኖ በየቀበሌው አሰማራ። ይህን አላቃልልም። እናቴ የወለደችው በሰው ቤት፣ በአዋላጅ እጅ ሳይሆን በጎረቤት እጅ ነው፤ ዛሬ በዚያው መንደር ጤና ኬላ አለ። ነገር ግን የተማሪው ቁጥር ባደገ መጠን የመስኩ ገንዘብ አላደገም። አንድ አውቶቡስ ተማሪ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሲራገፍ አንድን ነፍሰ ጡር የሚከትቧት ሦስት፣ ቆመው የሚያዩ ሃያ ይሆናሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ የሙያ ፈቃድ ምዘናም አለ። ሁለቱንም እደግፋለሁ፤ ያልተማረ ሰው በሕዝብ ጤና ላይ መሾም የለበትም። ይሁንና የወረቀት ፈተና የማያውቀው ነገር አለ፤ የተዘጋ በር እንዴት እንደሚንኳኳ፣ አንዲት እናት «ከተብኩት» ስትል ካርዱን ሳያሳፍሯት እንዴት እንደሚጠይቋት፣ የወንዝ ዳር ገበሬውን አባት «ውኃዎ ቆሻሻ ነው» ሳይሉ ስለ ሰላጣው እንዴት እንደሚያወሯቸው።

የቅጥሩን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ግማሹን እውነት መደበቅ ይሆናል። በጤና ጣቢያችን በበጎ ፈቃድ የሚያገለግል ወጣት አለ። ጤና መኮንን ነው፤ የመውጫውንም የሙያ ፈቃዱንም ፈተና አልፏል። ዘመቻ ሲመጣ ውሎ አበል ያገኛል፤ ማታ የእህቱን ሱቅ ይጠብቃል። እንደ እሱ ያሉ ብዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ1,000 ሰው 4.45 ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ያስፈልጋል ይላል፤ እኛ ከዚህ እጅግ ርቀን ሳለ የተማረው ልጅ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። የሚያስተምረው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ የሚቀጥረው ወረዳው ወይም የከተማ አስተዳደሩ ነው። ክልሎች ከፌዴራል በሚያገኙት ድጎማና ከራሳቸው ገቢ፣ አዲስ አበባ ደግሞ በአብዛኛው በራሷ ገቢ ደመወዝ ይከፍላሉ። ስንት ተማሪ እንደሚገባ የሚወስነውና ስንት የሥራ መደብ እንደሚከፈት የሚወስነው አንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡም። ሕዝቡ ለአራት ዓመት የከፈለበት እውቀት በሱቅ መደርደሪያ ጀርባ ሲዝግ ማየት ያማል፤ ሌላ ቃል የለኝም።

አንዲት የማከብራት ባልደረባዬ ይህን ሳወራ ሰምታ፣ «ጓንት ባለቀበት ጤና ጣቢያ ስለ ተማሪ ነዳጅ ታወሪያለሽ?» አለችኝ። ጥያቄዋ የሚናቅ አይደለም። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከመንግሥት በጀት 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተው ነበር፤ እኛ እዚያ አልደረስንም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ብር ይሻማል። ለእርሷ የመለስኩላት ስለዚያ ማጠራቀሚያ ነው። በዚያ ክረምት ለእነዚያ ብሎኮች ልጆች ያደልነው ኦአርኤስና ዚንክ፣ ወላጆች ለሽሮፕ ያወጡት፣ ያለአስፈላጊነቱ የታዘዘው አንቲባዮቲክ ሁሉ ሲደመር ከተማሪዎቹ የባጃጅ ሒሳብ እንደሚበልጥ ለማወቅ ካልኩሌተር አያስፈልግም። ደግሞም የመስኩ ወጪ ከጠቅላላው የማስተማሪያ ወጪ ጋር ሲታይ ትንሽ ነው። ትልቁን ከፍሎ ትንሹን መከልከል በሬ ገዝቶ ለሞፈር ገንዘብ እንደማጣት ነው።

የምጠይቀውም የተወሳሰበ አይደለም። የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት በሚሰጥ እያንዳንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በጀት ውስጥ የመስክ ልምምድ በስሙ የተጻፈ፣ ወደ ሌላ የማይዘዋወር መስመር ይኑረው። ከዚያ መስመር የተወሰነው ተማሪውን ለሚቀበለው ጤና ጣቢያ በቀጥታ ይድረስ፤ ለማባዣ፣ ለውኃ መመርመሪያ ኬሚካል፣ ለመጓጓዣ። ተማሪ የሚያሠለጥን የጤና ጣቢያ ባለሙያ ሥራው በመዘርዝሩ ላይ ይጻፍለት፣ ጊዜው ይቆጠርለት። ገንዘቡም ተማሪዎቹ ከመጡ በኋላ ሳይሆን ከመምጣታቸው በፊት ይለቀቅ፤ ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን የሚበላሸው ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት አዋጅ ይበልጥ ያሳስበኛል። ዩኒቨርሲቲ ራሱን ሲያስተዳድር ገቢ ወደሚያመጣው ትምህርት ማዘንበሉ አይቀርም፤ ቤት ለቤት መዞር ደግሞ ገቢ አያመጣም። ስለዚህ መንግሥት ለራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች በሚሰጠው ድጋፍ ውስጥ ይህ ክፍል በስም ካልተጠበቀ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው ብዬ እፈራለሁ።

በጤና ጣቢያችን በኩል የሚቻለንን ጀምረናል። ዘንድሮ ለወረዳው ባቀረብነው ዕቅድ ላይ «የተማሪዎች የመስክ ልምምድ ድጋፍ» የሚል ርዕስ ጨምረን፣ ዓምና ተማሪዎቹ ከኪሳቸው ያወጡትን በሙሉ በዝርዝር አስፍረናል፤ የባጃጁን፣ የማባዣውን፣ የክሎሪን መመርመሪያ ክኒኑን። ተማሪዎቹ ደረሰኞቻቸውን አስቀምጠው ስለነበር ዝርዝሩ የግምት አይደለም። ኃላፊያችን ፈርመውበታል። ወረዳው «ይህ የዩኒቨርሲቲው ነው» ብሎ ሊመልሰው ይችላል፤ ቢመልሰው ያንኑ ደብዳቤ ይዤ ወደ ዩኒቨርሲቲው ዕቅድና በጀት ክፍል እሄዳለሁ።

ተማሪ የምትቀበሉ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች፣ በሰበታም በቡራዩም በሰንዳፋም ያላችሁ፣ የእናንተን ወጪ እንደዚሁ መዝግባችሁ ላኩልኝ፤ የተቋማችሁን ስም መጻፍ አያስፈልግም። በዩኒቨርሲቲ የበጀት ክፍል የምትሠሩም ካላችሁ፣ እንዲህ ያለ መስመር በፕሮግራም በጀት ውስጥ በየትኛው ኮድ ሥር ሊገባ እንደሚችል ብትነግሩኝ ደብዳቤውን በዚያው ቋንቋ አስተካክዬ እጽፈዋለሁ። የሚቀጥለው ቡድን የሚመጣው ጥቅምት ላይ ነው፤ ክኒኑ ከዚያ በፊት መገዛት አለበት።